«መጣ!» ያለው ማን ነው?

አቶ ረታ ጓሮ ካለው የውሃ ታንከር ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ከፓምፑ ሽቦ አጠገብ ተዘርግቷል፤ መዳፋቸው ላይ የተቃጠለ መስመር ይታያል። ቀኑ የነሐሴ ቅዳሜ ነው፤ ሰማዩ ዝናብ አዝሎ ከሰዓቱን አጨልሞታል። ኢንስፔክተር አብነት በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ግቢ ስትደርስ ሟቹ አንሶላ ለብሰዋል፤ ሕያዋኑ ግን ሊባሉ ደርሰዋል።

«ገዳዩ ያውልሽ!» ይላሉ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ የሺመቤት፣ ጣታቸውን ተከራያቸው ሐሩን ላይ ቀስረው። «ጠዋት ‹ይሄ ውሃ አንድ ቀን ይበላዎታል› ሲለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል! ቤቴ አስጠግቼው!»

«አስጠግቼው?» አለ ሐሩን። የታክሲ ሾፌር ነው፤ ከተወለደ ገና ወር ያልሞላው ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፏል። «ተከራይቼ እንጂ ለምኜ ገባሁ እንዴ፣ እትዬ? አራስ ቤት ላይ ቧንቧ የሚቆልፍ ሰው ምን ተብሎ ይመረቃል?»

ሳጅን መርሃዊ ካቴናውን አወጣ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ባለፈው ሟች ያጠፉትን ቆጣሪ በጉልበት ያበራውም እሱ ነው። እንውሰደው?»

«ሕፃኑን አንተ ትይዝለታለህ?»

ሳጅኑ ካቴናውን መለሰ። አብነት ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ እንደሚል ያውቃል፤ አሁን በጣም ዝቅ ብሏል።

አብነት ግቢውን ዞረች። ቆጣሪው ከውጪው በር አጠገብ፣ ፓምፑ ጓሮ ነው። በመካከላቸው ሦስት ክፍሎች ተደርድረዋል፦ አንዱ የሐሩንና የሚስቱ የሐሊማ፣ አንዱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛዋ የሳምራዊት፣ ወደ ጓሮው የሚያየው ደግሞ የቢሩክ። ቢሩክ የወይዘሮ የሺመቤት የወንድም ልጅና ኢምፔሪያል አካባቢ የሚሠራ ደላላ ነው።

«ረታ ጡረታ ሲወጣ ነው ክፍሎቹን የሠራነው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፣ አብነት ሳሎን ውስጥ ስታነጋግራቸው። «አከራይተን አናውቅም። አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ! አንዷ ሌሊት ትገባለች፣ አንዱ ልጅ ያስለቅሳል። ቢሩክ ባይኖር አብደን ነበር። ‹ለተከራይ ፊት አትስጡ፤ የምትሉትን በእኔ በኩል በሉ› አለን።»

«ከእነሱ ጋር በቀጥታ አትነጋገሩም?»

«ድሮ ሰላምታ ነበር። እሱም ቀረ።»

«መብራቱስ?»

«ቴሌቪዥን እያየሁ ጠፋ። ቢሩክ በመስኮት ‹አክስቴ፣ ሰፈሩን ሁሉ ወስዶታል› አለኝ። ቆየት ብሎ ‹መጣ!› ሲል ሰማሁ፤ ቴሌቪዥኑም በራ። ከዚያ ረታን ብጠራ፣ ብጠራ...» ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት።

ሳምራዊት በሯ ላይ ቆማ ካውያዋን እንደ ጋሻ ይዛለች። «እኔ እንኳን ሰው ልገድል፣ ሸሚዜን መተኮስ አልቻልኩም» አለች። «ካውያው ልብሴ ላይ እያለ መብራቱ ጠፋ። ቢሩክ ‹መጣ!› ሲል መልሼ ሰካሁት።»

«ሁሌ እሱ ነው የሚጮኸው?»

«ከሰፈር ሕፃናት ጋር እየተሽቀዳደመ! ትልቅ ሰውዬ!»

«ዛሬስ ሕፃናቱ ጮኹ?»

ሳምራዊት ካውያዋን ዝቅ አደረገች። «ይገርማል። ውጪ ኳስ ሲጫወቱ ይሰማሉ፤ ‹መጣ› ያለ ግን የለም። እሱ ብቻ።»

ቢሩክ ፀጉሩን አበጥሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። «ክፍሌ ጋደም ብዬ ነበር። አምፖሉ ቦግ ሲል እንደ ልማዴ ‹መጣ!› አልኩ። ጋሼ መብራት የለም ብለው ሽቦውን ነክተው ይሆናል። የእግዜር ሥራ ነው፣ እህቴ።»

«ጠንቃቃ ሰው ነበሩ ይባላል። ቆጣሪውን ሳያጠፉ ሽቦ አይነኩም።»

ቢሩክ ወደ ውጪው በር አየ። «ባልናገር ይሻለኝ ነበር... ሐሩንን ቆጣሪው ጋ አይቼዋለሁ።»

«ክፍልህን ልየው?»

«ግቢ፣ ምን አለበት!»

ፍራሹ ላይ ዚፑ የተዘጋ ሻንጣ አለ። አብነት ማብሪያውን ተጫነች። ምንም አልበራም። ቀና ስትል ከጣሪያው የተንጠለጠለ ባዶ ሽቦ አየች። ማብሪያውን መልሳ አጥፍታ ወጣች።

በመጨረሻ ሐሊማን አገኘቻት። ሻርፗና ሽፋሽፍቷ ላይ ዱቄት አለ፤ ወፍጮ ቤት ሹሮ ስታስፈጭ ነው መርዶው የደረሰባት። የወሎ ልጅ ናት፤ ስታለቅስም ቃሏን አታዛባም።

«ዛሬ ደፍሬ ጋሽ ረታን ራሳቸውን ለመንኳቸው» አለች። «‹ለሕፃኑ መታጠቢያ ይክፈቱልኝ› ስላቸው ‹ፓምፑን ሰብራችሁ፣ ደግሞ ውሃ?› አሉኝ። ‹ማን ሰበረ?› አልኳቸው። ‹ቢሩክ ነግሮኛል› አሉኝ። ‹እኛንስ እስላም ከቧንቧዬ አይቅዳ ብለዋል ያለን እሱ አይደል?› ስላቸው፣ ወላሂ፣ ሰውዬው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ‹እኔ? እንዲህ አልኩ?› ብለው ወደ ቢሩክ ክፍል ሄዱ። እኔ ወደ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።»

«ወፍጮው እየፈጨልሽ ቆመ?»

«ኧረ! አንዴም። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።»

አብነት ሳጅን መርሃዊን ወደ ባለወፍጮው ላከችው። ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ፤ ወፍጮው ከሰዓቱን ሙሉ አልቆመም።

ሲመሻሽ ሁሉንም ቧንቧው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ቧንቧው ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከጓሮው አጥር ማዶ ወፍጮው ያጓራል።

«ትሰሙታላችሁ?» አለች። «ከሰፈሩ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ዝም የሚለው እሱ ነው። ዛሬ ግን ዝም አላለም። ሕፃናቱም ያልጮኹት ለዚህ ነው፤ ያልሄደ መብራት አይመጣም። የጠፋው ይህ ግቢ ብቻ ነው። ያጠፉትም አቶ ረታ ናቸው፣ ፓምፑን ለመጠገን።»

«ለማን ብሎ?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

«ለሐሊማ ልጅ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ጓጉንቸሩ ዞሩ።

«ሽቦው እጃቸው ላይ እያለ አንድ ሰው ቆጣሪውን መለሰው። ከዚያ ‹መጣ!› አለ። አንድ ቃል ናት፤ ግን ከተባለች በኋላ ‹ማን አበራው?› ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ አገር መብራት መጣ ከተባለ ተመስገን ነው።»

«ልማዴ ነው አልኩሽ እኮ!» አለ ቢሩክ። «አምፖሉ ሲበራ ነው የጮኽኩት!»

«የትኛው አምፖል?»

አብነት ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። መርሃዊ ሻንጣውን አምጥቶ ከፈተ። በልብሶቹ መካከል በካልሲ የተጠቀለለ አምፖል ነበር። አብነት በሁለት ጣት አነሳችው።

«እኔም ተከራይ ነኝ፣ ቢሩክ። ተከራይ ሲለቅ ሚስማሩን ሊረሳ ይችላል፤ አምፖሉን ግን አይረሳም። ልቀቅ ያሉህ አቶ ረታ ናቸው፤ ከሞቱ በኋላ የሚያስወጣህ አልነበረም፤ አምፖሉን የፈታኸው ሳይሞቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ‹ቦግ አለ› ስትል ክፍልህ ውስጥ ቦግ የሚል ነገር አልነበረም። መብራቱ መምጣቱን ያወቅኸው ቆጣሪው ላይ በነበረው እጅህ ነው።»

ቢሩክ ሻንጣውን ሊዘጋ ጎንበስ አለ።

«ሐሩንን ቆጣሪው ጋ አይቼዋለሁ ብለሃል» አለች፤ ድምፅዋ አሁን በጭንቅ ይሰማል። «ካየኸው ለአክስትህ ‹ሰፈሩን ሁሉ ወስዶታል› ያልካቸው ለምንድን ነው? ሁለት ውሸት አንድ ገመድ አይሆንም። የሕፃኑን አባት አሳስረህ፣ እናቱን በዝናብ አስወጥተህ፣ አንተ እዚህ ልትተኛ!»

ቢሩክ ዙሪያውን አየ። «ግቢውን በሙሉ ለአንድ ድርጅት ላስረክብ ቃል ሰጥቼ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ተከራዮቹ ተጣልተው በራሳቸው እንዲወጡ እንጂ ማንንም ልገድል አላሰብኩም። ቤት ማከራየት ያስተማርኩት እኔ! ‹አንተ ነገረኛ፣ ነገ እንዳላይህ› ይለኛል? ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ለእነሱ ፓምፕ ሊሠራ ቁጭ አለ...»

የወይዘሮ የሺመቤት ጥፊ ቃሉን ቆረጠው። «የወንድሜ ልጅ!» አሉ። «በቤቴ! በአፌ ገብተህ!» ሁለተኛውን ሲያነሱ አብነት እጃቸውን ያዘች። ካቴናው ቢሩክ እጅ ላይ ገባ፤ ሳጅን መርሃዊ እየገፋ ወሰደው።

ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ወይዘሮ የሺመቤት ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ አንስተው ጓጉንቸሩን ይመቱ ጀመር። መቱት፣ መቱት፤ ባላቸውን እየሰደቡ፣ ራሳቸውንም። ሲሰበር ቧንቧው አንዴ አስሎ ቀጭን ውሃ ለቀቀ።

ያን ጊዜ የሐሩን ክፍል ጨለመ። ሐሩን ልጁን በአንድ ክንዱ አቅፎ፣ ትኩሱን አምፖል በሸሚዙ ጫፍ ይዞ ወጣ።

ወይዘሮ የሺመቤት አምፖሉን አዩት። ምን ማለት እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

«በዚህ ማታ የት ትሄዳለህ?» አሉ።

«ገዳይ ወደማይሉኝ ቤት።»

ሐሊማ በሁለቱ መካከል አልፋ ባልዲዋን ቧንቧው ሥር አስቀመጠች። ልጁን ከሐሩን ክንድ ተቀበለችና ውሃው እስኪሞላ ቁጢጥ አለች።

«ልጄ ሳይታጠብ የትም አልሄድም» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «በጨለማ ደግሞ አላጥበውም።»

ሐሩን አልተነቃነቀም። አምፖሉ በእጁ ውስጥ ቀስ እያለ ይበርዳል።