ሦስተኛው ክፍል

ይህን የምጽፈው ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ከነገርኳቸው ሰዎች ግማሾቹ ስቀውብኛል፤ ግማሾቹ ስልኬን ማንሳት ትተዋል። እናንተም እንደ ፈቀዳችሁ። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ... በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ አናት የሚበሳበት ሰዓት። ቦታው ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረ፣ አሁን አይጥ እንኳ የሸሸው ባዶ ቤት።

ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። ያኔ አራት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አጭር አስፈሪ ታሪክ ሠርተው፣ አራቱን ሰፍተው አንድ ፊልም ሊያደርጉ ተስማምተው ነበር። ካሜራው በውሰት፣ መብራቱ በልመና።

የመጀመሪያው ታሪክ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያስቀው ይበዛል፤ ጭራቁ ሲሮጥ ጭምብሉ ይወልቃል። ሁለተኛው እንቅልፍ ያመጣል። አራተኛው ጥሩ ሐሳብ ነበረው፤ መጨረሻው የት እንደ ገባ ግን ሠሪውም አያውቅም።

ሦስተኛው የእኛ ነበር።

አዘጋጁን ሁላችንም «ሊቁ» እንለዋለን። ለሹፈት ያወጣንለት ስም ነው፤ እሱ ግን የምር ወስዶታል። ተዋናይት ስላላገኘ ታናሽ እህቱን አመጣት። ልብስ ሰፊ ናት። ትወና ሞክራ አታውቅም፤ ለወንድሟ ስትል ብቻ መጣች።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ጨለማ ክፍል ውስጥ ይዘጋባታል፤ ትጮኻለች። በቃ። ካሜራው የሚያየው ከውጭ የብረቱን በር ብቻ ነው። መቅጃዬ ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ በገመድ በተያያዘ ማዳመጫ አዳምጣለሁ።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው አይደል?» አለችው በሩ ላይ ቆማ። «ዝግ ቤት እንደማልችል ታውቃለህ።»

«ሁለት ደቂቃ፣ እታለም። እናቴ ትሙት!»

ገባች። ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እኔ ሳልል ማንም አይከፍትም... ትወና አትችልም። የምሯን ትፍራ።»

«የሚያማት ነገር አለ እንዴ?»

«ልጅ ሆነን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባት ግማሽ ቀን ረስቻት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው።»

እየሳቀ ነው የነገረኝ።

መጀመሪያ እንደ ታዘዘችው ጮኸች። የውሸት ጩኸት።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ... «ወንድሜ፣ በቃ። ክፈትልኝ።»

ስምንተኛው ላይ ብረቱን በጥፍሯ መቧጨር ጀመረች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለእኔ ብቻ።

«ድምፅ ቀጂው... እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። እህት የለህም?»

ሊቁን አየሁት። ጣቱን ወዘወዘብኝ፤ ወዮልህ ዓይነት።

እውነቱን ልንገራችሁ። ዝም ያልኩት እሱን ፈርቼ አይደለም። ቅጂው በጣም ስላማረ ነው።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ልቅሶዋ ቀጥ አለ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«እዚያ ጥግ የቆምሽው... ማነሽ?»

ሊቁ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነጥቆ ሰማ። ፊቱ በራ። «ከየት አመጣችው! ጽሑፉ ላይ እኮ የለም!»

ማዳመጫውን ሲመልስልኝ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

የሁለት ሰው ትንፋሽ።

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ከፈተ።

ትሰድበዋለች፣ በጥፊ ታጮለዋለች ብዬ ነበር። ምንም። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ እሷ ግንባር ላይ ግን አንዲት ጠብታ ላብ የለም። ጥፍሮቿን አየሁ... ንጹሕ። አንዱም አልተሰበረም።

«ጨረሱ?» አለችው ወንድሟን። «እንግዲያው ልሂድ።»

ጨረሱ! ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ።

«ፍርሃት አክብሮት አስተማራት» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

በሩን መልሶ ቆለፈና ተበተንን። እኔ በችኮላ መቅጃውን ሳላጠፋ ውስጥ ረሳሁት። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ተቀብዬ ሄድኩ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ጥግ ጥጉን ሁሉ አየሁ። በሩ ግን ከውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል... ጭረቱ ውስጥ የደረቀ ደም ነበር።

ቤቴ ገብቼ አዳመጥኩት። የበሩ መከፈት። ሳቃችን። የቁልፉ ድምፅ። ዝምታ።

ከዚያ የእሷ ድምፅ።

«ወንድሜ... ማንን ነው ይዛችሁ የሄዳችሁት?»

ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ለመነች። ስድስት ሰዓት ሙሉ።

ሊቁ ጋ ሮጥኩ፤ አሰማሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ማዳመጫውን አወለቀና...

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ጨምረው።»

«ምን?»

«መጨረሻው ላይ ጨምረው። እህቴ ቤቷ ናት፤ ልብሷን እየሰፋች ነው። ይሄ ድምፅ ነው። ድምፅ ሰው አይደለም።»

ጨመርኩት።

ፊልሙ ከአንድ ወር በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ታየ። በመጀመሪያው ታሪክ ሰው በሳቅ ሞተ። በሁለተኛው ማዛጋትና ስልክ መነካካት ሆነ። ሦስተኛው ሲጀምር የተዘጋው የብረት በር ሸራውን ሞላው... ድምፅዋ መጣ። ከኋላዬ አንዱ «ይቺ ብቻዋን ትበቃለች» አለ። ስልክ ሲነካካ የነበረው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ፊት ወንበር ላይ እናታቸው ተቀምጠዋል። በግራቸው ሊቁ፣ በቀኛቸው ልጅቷ። እሷ ታጨበጭባለች... ያለ ቦታው፣ ቀስ እያለች።

«ማንን ነው ይዛችሁ የሄዳችሁት?» አለ ድምፁ።

እናትየዋ ቀና አሉ። ጎናቸው ያለችውን አዩአት። ሸራውን አዩ። እንደገና እሷን።

«ይሄ የልጄ ድምፅ ነው» አሉ። «ይቺማ... ወር ሙሉ እማዬ ብላኝ አታውቅም።»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ» አለ ሊቁ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው እያየን ነው።»

አልሰሙትም። እየተንገዳገዱ ሄደው ሸራው ላይ ያለውን በር በሁለት መዳፋቸው መቱት።

«ልጄ! እናትሽ ነኝ!»

ሰዉ የፊልሙ አካል መሰለው። ተነሥቶ አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። ሊቁም... እግዜር ይይለት... ተነሥቶ እጅ ነሣ።

ጭብጨባው በረደ። እናትየዋ እያለቀሱ መምታታቸውን ቀጠሉ።

ያንን ቅጂ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ አርባ ሰከንድ ዝምታ ነው ያለው፤ በእጄ ቆርጬ ያስገባሁት። ሸራው ደግሞ የተሰቀለው ድፍን ግድግዳ ላይ ነው።

እናትየዋ መቱ።

ከግድግዳው ውስጥ... መልሶ ተንኳኳ።

ፊት ወንበር ላይ ያለችው ማጨብጨቧን አቆመች።