በሪድዋን አንጎል ውስጥ የታየው ፊት

የሪድዋን ሬሳ ታጥቦ፣ ተከፍኖ ሳለ ቀብሩ ቆመ። ወንድሙ ቶፊቅ ቃሬዛው ፊት ቆሞ፣ «ገዳይዋ ሳትያዝ አይቀበርም!» ብሎ ጮኸ። ኢንስፔክተር አመልማል ከከሚሴ ወደ ጨፋ የተጠራችው ለዚህ ነው። ስትደርስ የሟቹ ሚስት ሳሚያ አራስ ልጇን ታቅፋ ጥግ ይዛለች፤ ውጭ የቆሙት ወንዶች ዱላቸውን አልጣሉም። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን የሚጨምር አልነበረም። ነገሩ ካልጠራ ሳሚያ በሕይወት ከዚያ ግቢ አትወጣም።

«ማስረጃህስ?» አለች አመልማል።

ቶፊቅ ከአዲስ አበባ የመጣውን የወንድሙን የአንጎል ኤምአርአይ ፊልም በሚንቀጠቀጥ እጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ። ከመሀሉ ሁለት ጥቁር ዓይን ያለው የአውሬ ፊት የመሰለ ነገር አፍጥጧል። አመልማል ፈራች።

«ሐኪሙ ራሱ መዳብ ነው ብሏል። እሷ ካላበላችው ከየት መጣ?»

አመልማል ወጥታ ለሐኪሙ ደወለች። ተመልሳ የሟቹን አባት ሐጂ ዓብዱልመጂድን ጠየቀች።

«ሪድዋንን እጁን ማንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው ሐጂ?»

«ኧረ ገና ተማሪ ሳለ ነው ልጄ። እርሳስ ከእጁ እየወደቀ ያለቅስ ነበር።»

«ሳያገባ ማለት ነው። ሐኪሙ ያዘዘለት መድኃኒትስ ረድቶት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎት ነበር። ሰንበቴ ገበያ ወርዶ በሬ ሁሉ ገዝቷል። የባሰበት እሷ ልትወልድ ሮቢት ከተማ እናቷ ዘንድ ከሄደች ወዲህ ነው።»

«ያኔ መድኃኒቱን ማን ይሰጠው ነበር?»

«እኔ» አለ ቶፊቅ። «በየጠዋቱ፣ በእጄ።»

አመልማል ከሟቹ የመድኃኒት ብልቃጥ አንዱን እንክብል ከፍታ ዱቄቱን በጣቷ አሸት አደረገች። ከዚያ ውጭ ያሉትን ሁሉ አስገባች።

«መዳብ ሁላችንም ከምግብ ጋር እንበላለን፤ ጉበታችን ያስወጣዋል። የሪድዋን ጉበት ግን ከእናትም ከአባትም በወረሰው ጉድለት አልቻለም። ከልጅነቱ እየተጠራቀመ አንጎሉ ደረሰ። ይህን ፊት ሐኪሞች ያውቁታል፤ የበሽታው ምልክት ነው። መድኃኒቱ መዳቡን በሽንት ያወጣለት ነበር፤ ድንገት ከተቋረጠ ግን በሽታው ይገድላል። ሲቋረጥ ሳሚያ እዚህ አልነበረችም። እንክብሉ ውስጥ ያለው ደግሞ የማሽላ ዱቄት ነው። ቶፊቅ፣ አንተ ነህ የሞላኸው?»

ቶፊቅ ተንበረከከ።

«መርዙን በመድኃኒቱ ውስጥ የምትሰጠው መስሎኝ! ብከለክለው እምቢ ይለኛል ብዬ ነው። ዋላሂ፣ ላድነው ነበር! ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን እኮ ነው!»

ሐጂ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ዱላዎቹ አንድ በአንድ መሬት ወረዱ።

«ወደ ብርሃኑ ዙር» አለችው አመልማል። የዓይኑን ጥቁር ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ከቦታል፤ ሐኪሙ በስልክ የነገራት ቀለበት። እጁም አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሐዘን መስሏት ነበር።

«አንተም የወንድምህ በሽታ አለብህ ቶፊቅ። ከሕግ በፊት ሐኪም ያይሃል።»

ሳሚያ ተነሳች። ለባሏ ያመጣችውን፣ ገና ያልተከፈተ ብልቃጥ ከጓዟ አወጣች።

«ሐኪሙ ውሰድ ካለህ፣ ከእኔ እጅ ትቀበላለህ?»

ቶፊቅ እጁን ዘረጋ፤ ግን ብልቃጡን መያዝ አቃተው።