ወንዙን ያልተሻገረችው በቅሎ

«መል-እክ-ተኛው… ጦሩን… አንስቶ… ገሰገሰ።»

ወፌ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ድምፁ የታናሽ ወንድሟ ነው። ማንም አላነበበለትም፤ ራሱ ነው ያነበበው። ጣቱን ከቃሉ ሥር እያስኬደ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ፣ ያውም ከማን ጋር? ለእረፍት ከመጣችው የአክስታቸው ልጅ ከመነጽር ጋር። መነጽር የወፌ እኩያ ናት፤ ቅጽል ስሙንም ያወጣችላት ራሷ ወፌ ናት፣ በተንኮል።

«ሰማሽልኝ?» አለች እናታቸው ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። «በዚች ጥቂት ቀን። ይቺ ልጅ እጇ ይባረክ።»

«ሰማሁ» አለች ወፌ። አንጀቷ ግን ቅጥል ብሏል።

እንዴት አይቃጠል? ልጁን ቤተሰቡ በሙሉ «መዥገር» የሚለው ከወፌ ቀሚስ ስለማይላቀቅ ነው። ያንን መጽሐፍ ስንቴ አንብባለታለች፤ ለጀማሪ አንባቢዎች የተጻፈ፣ ፊደሉ ትልልቅ፣ በጥንት ዘመን ለተከበበ ከተማ የንጉሥ መልእክት ይዞ ስለሚሮጥ ወጣት የሚተርክ ቀጭን መጽሐፍ ነው። አሁን መዥገሩ ለቀቃት። ለቆም ዝም አላለም፣ ሌላ ሰው ላይ ተጣበቀ።

ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረባት። መጽሐፉ ሲደጋገም ሰልችቷት፣ ከራሷ አንዲት በቅሎ ጨምራበታለች። ኩሩ በቅሎ። መልእክተኛው ወንዝ ዳር ሲደርስ «ትናንት ሰድበኸኛል» ብላ ትገግማለች፤ ይቅርታ ካልተጠየቀች ውሃውን አትረግጥም። ሥዕሉ ላይ ለምን እንደሌለች መዥገር ሲጠይቅ «ኩሩ ስለሆነች አልሳልም ብላ ነው» ብላዋለች። ልጁ ከመልእክተኛውም ከንጉሡም አብልጦ የሚወደው እሷን ነው። አሁን ግን ወንዙ ጋ ለመድረስ ጥቂት ገጽ ነው የቀረው። እዚያ ሲደርስ ወፌ ውሸታም፣ መነጽር እውነተኛ ልትሆን ነው።

ሁሉም ለምሳ ሲነሱ መጽሐፉን ብድግ አድርጋ፣ ስፌት መኪናው ሥር ካለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ቀበረችው።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ተተራመሰ። ወፌም አብራ ትራስ ገለበጠች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«አንቺ ነሽ የጣልሽው» አለ መዥገር መነጽርን። «አንቺ ነበርሽ የያዝሽው።»

«እዚሁ ነው ያስቀመጥኩት» አለች መነጽር፣ ድምፏ ሰለለ።

«አይ የኔ ልጅ፣ የሕፃን ነገር ሲይዙ ጠንቀቅ ነው» አለች እናት።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። መነጽር መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና ዕቃ ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች። ወፌ ደስ አላት። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በጣም ደስ አላት።

መዥገር አፍንጫውን እየሳበ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ወንዙ ጋ ልደርስ ስል ጠፋ።»

«ሲገኝ ትጨርሰዋለህ።»

«በቅሎዋን እኔ ላነብልሽ ነበር እኮ። መነጽርን ቶሎ አስተምሪኝ ያልኳት ለሱ ነው። ሁልጊዜ አንቺ ብቻ ስታነቢ ይደክምሻል ብዬ።»

ወፌ ተነስታ የጨርቁን ከረጢት ገለበጠች።

«እኔ ነኝ የደበቅኩት» አለች። «በቅሎዋም መጽሐፉ ውስጥ የለችም። ከራሴ ነው የጨመርኳት።»

መዥገር አላመናትም። መጽሐፉን መንጭቆ የወንዙን ገጽ ገለጠና ጣቱን አስቀመጠ። «መል-እክ-ተኛው… ወንዙን… ተሻገረ።» ገጹን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ተመልሶ እንደገና አነበበው። ያው ነው።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ይቅርታ ሳይላት ጥሏት ሄዶ ነው።»

«ማን?»

«መልእክተኛው ነዋ። እሷ እኮ እስካሁን ወንዙ ዳር ቆማለች።»

ወፌ ልትስቅ ነበር፤ ግን ቀና ብላ ወደ ጓዳው አዳመጠች። ከጓዳ የሳህን ድምፅ ይሰማል። የምሳው ሳህን ጥቂት ነበር፤ እስካሁን ታጥቦ ማለቅ ነበረበት።

«ገጹን ያዝልኝ፣ መጣሁ» አለችው።

እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ «መነጽር» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። የልጅቷ እናት ባወጣችላት ስም ጠራቻት።