ውሎ ያላደረ መስመር

የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ሰኞ ጠዋት ራውተሮቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ሽማግሌው የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። የኪኒናቸው ብልቃጥ ባዶ ነው፤ አውራ ጣታቸው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የጥሪ ቁልፍ እንደተጫነ ደርቋል። ያ ቁልፍ ሲጫኑት በኔትወርኩ አልፎ የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ደወል ያስጮኻል።

«አልጮኸም!» አለ እሁድ ተረኛ የነበረው ጥበቃ። «እትዬ፣ ልጆቼን አያሳየኝ፣ አልጮኸም!»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ቁልፉን ተጫነችው። ደወሉ ሕንፃውን አናጋው። የጥበቃው ፊት አመድ መሰለ፤ ተኝተህ ሰው አስገደልክ ተብሎ እስር ቤት ሊወርድ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

መርፌ ግን ደወሉ ሲጮህ የምታየው የሰዎቹን ዓይን ነበር። ከሟቹ ሌላ የራውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ምክትላቸውና እሁድ ማለዳ ከመስክ የተመለሰው አማቻቸው። አማቻቸው ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት ይኖራል። ምክትሉ መሬት መሬት ያያል። አማቹ ደግሞ ከጥበቃው ላይ ዓይኑን አይነቅልም።

«ደወሉን ማፈን ይቻላል?» ስትል ምክትሉን ጠየቀችው።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን ከፈተላት። «እያንዳንዱ መስመር የራሱ ኢንተርፌስ አለው፤ በር ይበሉት። ስሙን ጽፈው ዝጋ ካሉት ይዘጋል።»

«ከቤት ሆኖም?»

«የይለፍ ቃሉ ካለ ከየትም።»

«አሁን ግን ክፍት ነው።»

«ትእዛዙ ሴቭ ካልተደረገ፣ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።»

ይኸኔ ከኔትወርኩ ጋር ከተገናኘ አንድ ክሊኒክ ተደወለ፤ መስመራችን ሞቷል ይላሉ። ምክትሉ አንድ ሁለት ትእዛዝ ጻፈና ደነገጠ። «ራውተሩ ትናንት ማታ ጠፍቶ ተነስቷል! መብራት እኮ አልጠፋም!»

«ሴትዮ፣ ምን ያደክምሻል?» አለ አማቹ። «ይሄን እንቅልፋም እሰሩትና እንገላገል።»

መርፌ ለአንዱ ፖሊስ በጆሮው አንሾካሾከችለትና ላከችው። ሲመለስ ሁሉንም ደወሉ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ጥበቃው አልዋሸም። አንድ ሰው የደወሉን ኢንተርፌስ ዘጋ። ኋላ ዱካውን ለማጥፋት ራውተሩን አጥፍቶ አስነሳው። ሳያውቅ ግን ሌላ ነገር አብሮ አጠፋ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «የክሊኒኩን መስመር መቼ ከፈታችሁት?»

«ቅዳሜ፣ ከጋሼ ጋር። ሴቭ አላደረግነውም። ጋሼ አዲስ መስመር ውሎ ካላደረ ሴቭ አያደርጉም፤ ያላደረ እንግዳ ቤተሰብ አይባልም ይሉ ነበር። ትናንት የመጡትም ሴቭ ሊያደርጉት ነበር።»

«እንግዲህ አንተ ብትሆን ራውተሩን አታስነሳውም፤ መስመሩ ጠፍቶ እንደሚያሳብቅብህ ታውቃለህ። ያስነሳው መስመሩ መኖሩን ያልሰማ ሰው ነው።»

አማቹ ሳቀ። «እኔ መስክ ነበርኩ። ስለ ክሊኒክ መስመር ምን አውቄ?»

«እሱን ነው የምልህ» አለች መርፌ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ነበር። ኪኒኖቹንም መኪናህ ውስጥ አገኘናቸው።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ወንበሩን ለባዳ ምክትሉ ሊሰጥ! እኔ ልጁን አግብቼ!» ብሎ ጮኸ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«በል፣ አንተ ነፃ ነህ» አለችው ጥበቃውን።

ጥበቃው ግን አልተነሳም። ደወሉን አተኩሮ ያይ ነበር።

«ታዲያ ጋሼ ጠርተውኛል ማለት ነው» አለ። «እየጠሩኝ ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።