የማትጥለው እግር

«ራሷ ጣለችው!» አለች የክፍል ጓደኞቿ ሬዲዮ የሚሏት ልጅ፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ። «ምሳ ሰዓት ላይ ስገባ እንዲህ ሆና አገኘኋት። እንሽላሊት ጭራዋን ትጥል የለ? ልክ እንደዚያ!»

ሚጣ የቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ወዳለው የመስታወት ሳጥን ጎንበስ አለች። የእግዜር ፈረሷ ደረቋ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ጭንቅላቷን ወደ ሰው የምታዞር። ወትሮ እንደሚጸልይ ሰው ሁለቱን የፊት እግሮቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ነበር የምትቆመው። አሁን የታጠፈው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ከመጋጠሚያው ተለያይቶ የሳጥኑ ወለል ላይ ወድቋል።

ሚጣ ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ከጥፍር የማትበልጥ ሳለች ጀምራ ዝንብ እያጠመደች ያሳደገቻት እሷ ናት። ግን ምንም አልተሰማትም። አባቷ ትቷቸው ከቤት ከወጣ ወዲህ እንዲህ ነች፤ ሁሉንም ነገር ወፍራም ጓንት አድርጋ የምትነካው ይመስላታል።

«ነገ ኤግዚቢሽን ነው። ቲቸር ምን አሉ?»

«ነገርኳቸው። 'እንዲህ ዓይነት ነገር አላውቅም፤ እስቲ ጽሑፋችሁ ላይ አስገቡትና አየዋለሁ' አሉ። በቃ፣ አንድ መስመር ነው የምታስተካክይው። ጽሑፉ ያንቺ አይደል?»

ሬዲዮ የተባለችው ተዘግታ ስለማታውቅ ነው። የክፍሉ ልጅ ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» እያለ ሚጣን ሲያደርቃት፣ እሷ ብቻ ምንም ሳትጠይቅ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ራሷ ስትቀደድ ከረመች። ሚጣ ምሳ ረስታ ስትመጣ ምሳዋን ታካፍላታለች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲርቁ የቀረችላት ጓደኛ እሷ ነች።

ጽሑፉ ግን በእርግጥም የሚጣ ነው። ከሳጥኑ አጠገብ የሚቆመውን ነጭ ካርቶን ብዙ ጊዜ ጽፋ፣ ብዙ ጊዜ ቀድዳ፣ ከልቧ የሠራችው እሱን ብቻ ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ይህ የፊት እግር ድሮ ድሮ እንደ በረሮ እግር መራመጃ ነበር። እግሯ ላይ ትንሽ እሾህ የነበራት ከሌሎቹ ትንሽ የተሻለ ያዘች። የያዘች በላች፤ የበላች ወለደች። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ እግሩ ወጥመድ ሆነ። ጠላት የኋላ እግሯን ቢይዝባት ጥላው ታመልጣለች። የፊቱን ግን አትጥልም። የፊቱን ጥላ ያመለጠች ብትኖር እንኳ ማደን አቅቷት በረሃብ ትሞት ነበር፤ ዘር አትተካም።»

«የፊቱን አትጥልም እኮ» አለች ሚጣ።

ሬዲዮ ቦርሳዋን አወረደች። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ ላይ ቀያይ ጭረቶች ነበሩ።

«ቪዲዮ ልቀርጽ ብዬ ነው። እሾሁ እንዲታይ ትንሽ ዘርጋ ላደርገው ስል ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ፤ ደንግጬ እጄን ስስብ እግሯ ተሰበረ። ቲቸር ካወቁ ከኤግዚቢሽኑ ቡድን ያስወጡኛል። እባክሽ ሚጣዬ። ማንንም አይጎዳም።»

ማንንም አይጎዳም። እናቷም ያኔ ያለቻት ይህንኑ ነበር። «አክስትሽ ከጠየቀችሽ አባቴ ለሥራ ሄዷል በያት። ማንንም አይጎዳም።» ሚጣም አለች፤ ለአክስቷ፣ ለጎረቤት፣ ለባለሱቁ። አሁን ስትናገረው ፊቷ እንኳ አይለወጥም።

«እሺ» አለች። ለሁሉም ነገር እሺ ማለት ለምዶባታል።

ሬዲዮ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻትና እየሮጠች ወጣች። ሚጣ አዲስ ካርቶን አውጥታ መገልበጥ ጀመረች። «የፊቱን ግን» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቢያንስ ፈረሷን ላብላት ብላ ተነሣችና አንዲት ዝንብ ሳጥኑ ውስጥ ለቀቀች።

ዝንቧ ቅርንጫፉ ላይ አረፈች። የእግዜር ፈረሷ ቀስ ብላ ተጠጋች፤ ተወዛወዘች፤ ተወረወረች። አንዱ እግር ዝንቧን ነካት፤ ከወዲያ በኩል የሚገጥመው ሌላ እግር ግን የለም። ዝንቧ ሾልካ በረረች። ፈረሷ ደግማ ሞከረች፣ አሁንም ሳተች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው አንድ እግሯን አጣጥፋ ቆመች።

ሚጣ አየቻት። «ራሷ ጣለችው» ከተባለ ሁሉም ደህና ናት ብሎ ያልፋል። በሰው እጅ ካልበላች እንደምትሞት ማንም አያውቅም። አባቷ «ለሥራ ሄዷል» ስለተባለም ሚጣን እስከ ዛሬ «አይዞሽ» ያላት ሰው የለም።

ዝንቧን እንደ ምንም ብላ ያዘቻትና በጣቶቿ ጫፍ አስጠጋችላት። ፈረሷ ዝንቧን ከነጣቷ ጭምድድ አደረገችው። እሾሁ ቆዳዋ ውስጥ ገባ። አመማት። ጣቷን ግን አልሳበችም፤ በልታ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ለአንዲት ጭረት እንባው በጣም ብዙ ነበር።

የጀመረችውን አዲስ ካርቶን ቀደደችው። በአሮጌው ግርጌ እንዲህ ብላ ጨመረች፦ «ይቺኛዋ ግን ተሰብሮባት ነው። በሰው እጅ ትበላለች።»

ወደ ቤት ስትሄድ ሬዲዮ ጋ ደወለች።

«መስመሩን አልቀየርኩትም። ተሰብሮባት ነው ብዬ ጨመርኩበት። ማን እንደሰበረው አልጻፍኩም፤ እሱን ራስሽ ለቲቸር ንገሪያቸው።»

የቀረቻትን አንድ ጓደኛ እንዳታጣ ሚጣ ፈራች። ለካ መፍራትም ቀርቶባት ነበር።

«አብረሽኝ ትገቢያለሽ?» አለች ሬዲዮ።

«እገባለሁ።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«ምሳ አካፍልሻለሁ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ሰሃን ታጥባለች። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ጮኸ።

«እጄ አረፋ ነው፣ አንሺልኝ» አለች እናቷ።

አክስቷ ነበሩ። ስለ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ትምህርት ጠየቁ፣ ስለ ነገው ኤግዚቢሽን ጠየቁ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው «አባትሽስ? ከሥራ አልተመለሰም እንዴ?» አሉ።

የእናቷ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ዞር ብላ ሚጣን አየቻት። ቃሉ የሚጣ አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከለመደው ቦታ፣ ሊወጣ።

«አክስቴ፣ እሱን እማዬ ትንገርዎት» አለች።

ፎጣ አንሥታ የእናቷን እጆች አንድ በአንድ አደረቀችላትና ስልኩን አስያዘቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋ ነበር። አሁን ወንበር ስባ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።