ያልታጠበው ፊልትሮ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ቤቴ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ጣሪያው ቆርቆሮ እንደሆነ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስንም ማንም ሳያስተምረኝ እየፈታሁና እየገጠምኩ የለመድኩት ምክንያት የሌለው ብልሽት የለም ብዬ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነገር ምክንያት ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

መሃል ከተማ ባለችው የጥገና ክፍሌ አንድ ኦሲሎስኮፕ አለኝ፣ የኤሌክትሪክን ሞገድ በትንሽ አረንጓዴ መስኮት የሚያሳይ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ መለኪያ ነው። ከኋላው ማቀዝቀዣ ፋን አለው፣ ፋኑ ላይ ደግሞ አቧራ የሚያስቀር ስፖንጅ፣ ፊልትሮ የምንለው። እዚህ አቧራው ብቻ አይደለም፣ ከከተማችን ሐይቅ የሚመጡት ጥቃቅን ዝንቦችም ይሳቡና እንደ ጭቃ ይለጠፉበታል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አውጥቼ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥበዋለሁ፣ በደንብ ሳይደርቅም አልመልሰውም።

የዚያን ቀን ደንበኛዬ ፀጋነሽ የአባቷን የኦክስጅን ማሽን በባጃጅ ጭና መጣች። አባቷ ጋሽ ዱካሞ አዲስ ከተማ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፣ ሳንባቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ያለ ኦክስጅን ሌሊቱን አይዘልቁም። ማሽኑን ስከፍተው ቦርዱ በሙቀት ጠቁሯል።

«ምን ደርባችሁበት ነበር?» አልኳት።

«ምን ይደረብበታል፣ ዳንቴል ነዋ።»

«ዳንቴል?»

«እማዬ ናት። ቴሌቪዥኑ ለብሶ ይሄ ራቁቱን እንግዳ ፊት ይቁም እንዴ አለች።»

«ታዲያ አፍናችሁት ነው የተቃጠለው።»

«አቤ፣ ቁጣውን ለነገ አቆየው። የተዋስነው የኦክስጅን ሲሊንደር እስከ ማታ ካደረሰን ነው።»

እሷ ወደ አባቷ ስትመለስ ቦርዱን ልለካበት ኦሲሎስኮፑን አበራሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ጋለና መስመሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊልትሮው መታፈኑ ገባኝ፣ አጠፋሁት፣ ሶኬቱንም ነቀልኩ፣ ውጭ ዝናቡ ስለጀመረ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞር ስል ስፖንጁ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ወደ ውጭ ይነፋል።

ንፋስ ነው እንዳትሉኝ፣ ቁራጭ ሶፍት አስጠጋሁበት፣ ስቦ ለጠፈው፣ መልሶ ገፋው። ፋን እኮ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚነፍሰው፣ ይሄኛው በሁለቱም ነበር። መዳፌን ሳስጠጋ አየሩ እርጥብ ነው፣ በወጣ ቁጥርም መጨረሻው ላይ ቀጭን ሲር የሚል ድምፅ አለው። አይጥ ገብቶ ይሆናል ብዬ ፊልትሮውን ሳብ አድርጌ አወጣሁት። አይጥ የለም። የፋኑ ክንፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ድምፁም ቆመ።

ስልኬ ጮኸ፣ ፀጋነሽ ናት።

«አቤ፣ አባባ ትንፋሽ አጣ፣ ሲሊንደሩ እየሠራ ነው፣ አየር ግን አልገባ አለው፣ ምን ላድርግ?»

ሐኪም ጥሪ ማለት ነበረብኝ። እጄ ግን ያን የቆሸሸ ስፖንጅ ወደ ቦታው መለሰው።

«ቆይ» አለች፣ «ቆይ... መለሰለት።» ጋሽ ዱካሞ በስልኩ ውስጥ ሲያስሉ ሰማሁ፣ ባሳሉ ቁጥር ስፖንጁ ዓይኔ ፊት ይዘላል።

ማሽኑን በቴስተር ብቻ እየለካሁ፣ ጀርባዬን ለኦሲሎስኮፑ ሰጥቼ ጠገንኩት፣ ሳይመሽም አደረስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ኦሲሎስኮፑን አላበራሁትም፣ ፊልትሮውንም አልነካሁትም። ትንፋሹን ዳግም አላየሁም፣ እውነቱን ለመናገር ወደዚያ ላለማየት እጠነቀቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ዱካሞ ሊያመሰግኑኝ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የክፍሌን ዕቃ በዓይናቸው ሲቃኙ ቆዩና ኦሲሎስኮፑ ጋ ደረሱ።

«አንተ ንጹሕ ልጅ ነህ ይሉሃል፣ ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«አጥበዋለሁ ጋሼ፣ ገና ነው።»

«ላውጣልህ እንዴ?» ብለው የስፖንጁን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

ዘልዬ እጃቸውን ጨበጥኩ፣ አጥብቄ፣ የታላቅ ሰው እጅ እንዲህ አይያዝም። ፀጋነሽ «ምን ሆንክ አንተ?» አለችኝ። ጋሽ ዱካሞ ግን አልተቆጡም። ስፖንጁን ቀስ ብለው ለቀቁት፣ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፣ ሌላኛውን እጃቸውንም ደረታቸው ላይ አሳረፉ።