የዶርሃ ጥቁር ባልጩት

በሐዝራን ምድር የለማር ወንዝ በአንድ ጀንበር ደረቀ፤ ከአሸዋውም ውስጥ ትኩስ ደም መነጨ። የመንግሥቱ ነቢይት ምልክቱን አይታ፣ አጎልም የተባለው አውሬ ከዘመናት እንቅልፉ ነቅቶ የወንዙን ምንጭ በደረቱ እንደደፈነው ተናገረች። ንጉሡ ሁለት መቶ ተዋጊዎች ላከ። የጦራቸው የድንጋይ ጫፍ በአውሬው ቅርፊት ላይ እየተፈረካከሰ አለቁ። በሕይወት የተመለሰው ጉራም የተባለው አንጋፋ ጦረኛ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ንጉሡ ድንጋይ ጠራቢዋን ቴልማን አስጠራ። ዕድሜዋ ገና ሃያ ቢሆንም፣ ከባልጩት ስለት በማውጣት የሚስተካከላት አልነበረም። የአጎልምን ጉሮሮ የሚበሳው በዶርሃ ተራራ አናት ላይ ያለው ጥቁር ባልጩት ብቻ እንደሆነ ነገራት።

«ንጉሥ ሆይ፣ በአባቴ አጥንት እምላለሁ፤ ስለቱን ሳላወጣ አልመለስም» አለች።

ከጉራም ጋር ዘጠኝ ቀን ተጓዙ። በሰባተኛው ቀን ውሃቸው አለቀ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ያገኙት ሦስት ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ቴልማ ጭኗ ላይ ቁርበት አንጥፋ፣ በድቡልቡል ድንጋይ መምታት ጀመረች። በጥም ዝላ ምቷን ስለሳተች የመጀመሪያው ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው ውስጡ ስንጥቅ ኖሮት በእጇ ላይ ተበተነ። ጉራም እንድታርፍ ለመናት፤ ካረፈች እንደማትነሣ ነገረችው።

ሦስተኛውን ከንጋት እስከ ቀትር ሠራችው። በመጀመሪያ ሻካራውን በድንጋይ አራገፈች፤ ከዚያም ጠርዙን በአጋዘን ቀንድ ጫፍ እየተጫነች ስስ ስስ ስንጣሪ አነሣች። ስለቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ሳሳ። በጅማትና በሙጫ ከጦሩ ዘንግ ጋር አሰሩት።

ከተራራው ግርጌ ወዳለው ምንጭ ሲወርዱ፣ ጉራም አውሬውን እየጮኸ ወደ ራሱ ሳበው። ቴልማ ከጎን ገብታ ወጋች፤ ዘንጉ ተሰበረ። ስለቱን በባዶ እጇ ይዛ፣ በተከፈተው አፍ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ጉሮሮውን ሰነጠቀችው። አጎልም ሲሞት መንጋጋው ገጠመ፤ የምትጠርብበት ቀኝ እጇም እዚያው ቀረ።

ውሃው ፈነዳ። ጉራም ቁስሏን አስሮ፣ በጀርባው አዝሏት ወንዙን ተከትሎ ወረደ። ሕዝቡ በከበሮ ተቀበላቸው። ንጉሡ የመንግሥቱን እኩሌታ ሊሰጣት ቆሞ ረጅም ንግግር ጀመረ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ደክሞኛል» አለች ቴልማ። «ልተኛ።»

ንጉሡ ንግግሩን ትቶ ካባውን አውልቆ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አነጠፈላት፤ ከበሮውንም በእጁ ምልክት አስቆመ። የሐዝራን ሕዝብ በሙሉ ድምፅ ሳያሰማ፣ ኮቴውን እየቀነሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ።